ከእትዬ ግድግዳ ወዲህ

ስማቸውን አልጽፍም። አንቱታቸውንም አላጓድልም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ነገር ግን እዚህ እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ልበቀላቸው የፈለግሁት ሰው ናቸው። ተበቅያቸዋለሁም። እንዴት እንደሆነ ከነምክንያቱ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው፣ ሳይንስ አስተምራለሁ።

መጀመሪያ ቦታው። ቤታችን አቃቂ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ ጎን ለጎን ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው። ኩሽናችን ከዋናው ቤት ተነጥሎ በእትዬ ቤት ጀርባ ላይ የተለጠፈ ነው። ሦስቱ ግድግዳዎቹ የኛ ቆርቆሮ ናቸው፤ አራተኛው የእትዬ መኝታ ቤት የጭቃ ግድግዳ ነው። ይህን ያዙልኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ ምድጃውን በዚያ በጭቃው ግድግዳ ሥር ሠራው፤ ጭቃ እሳት አይፈራም ብሎ። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

እናቴ ከክር ፋብሪካ በጡረታ የወጣች ናት። ጉልበቷንና ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟታል። ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካት ነግሯታል፤ እሷ ግን የምትኖረው ኩሽና ውስጥ ነው። ሳሎኑ በእሷ ሐሳብ ለእንግዳና ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው። ምስሯን የምትለቅመው፣ ሬዲዮኗን የምትሰማው፣ ከመጣ ሰው ጋር የምትጫወተው ኩሽና ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነው። በቆርቆሮውና በጣሪያው መካከል ጡጫ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ። ክረምት ሲገባ የወንዙ ንፋስ በዚያ ገብቶ በበሩ ሥር ይወጣል። ወለሉ አፈር ስለነበር ዝናቡን ከውጭ ይስብና ቀኑን ሙሉ እንደረጠበ ይውላል። እናቴ የአባቴን አሮጌ ካፖርት ደርባ፣ ሁለት ካልሲ አድርጋ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ለሚያያት ሰው የሌሊት ዘበኛ ትመስል ነበር።

ወንድሜ የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለፋሲካ ሊጠይቀን መጥቶ ኩሽና ገባና የእናታችንን ጣቶች አይቶ ወጣ።

«ስሚ እህቴ» አለኝ፤ «ዘንድሮ ክረምት እዚህ ኩሽና ውስጥ አትከርምም። ወይ አስተካክይው፣ ወይ እወስዳታለሁ።»

እናቴ መርቃ ሸኘችው። ሲሄድ ግን ድስቱን እየፈተገች፣ ቀና ሳትል፣ «አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ልሠራ ነው?» አለች። «በዚህ ጉልበቴ አንዴ ከወጣሁ መውረጃም የለኝ። ከሰገነት ላይ የሰው አናት እያየሁ ልኑር?»

በዚያው ሳምንት ዕቅድ አወጣሁ። ቅደም ተከተሉን የምናገረው ሌላም ሰው ሊጠቀምበት ስለሚችል ነው። ማንኛውም ሰው ኩሽና ሲበርደው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ስሕተት ነው። ጭስ መውጫ ሳያበጁ ቀዳዳ የሚደፍኑ ሰዎች ራሳቸውን ነው የሚያፍኑት። ስለዚህ መጀመሪያ የላሜራ ቱቦ፤ ጭሱ በእሱ ይውጣ። ቀጥሎ ክፍተቱ ይዘጋ። ቀጥሎ ከተሰፋ ማዳበሪያ ኮርኒስ፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ ጣሪያው ሥር የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ከዚያ ወለሉ ሊሾ ይሁን። ከዚያ ደህና በር። በመጨረሻም ምድጃው ከእትዬ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ውስጥ፣ እናቴ ወደምትቀመጥበት ጥግ ይምጣ፤ ጭቃ ግድግዳ ሥር ያለ እሳት ግማሽ ሙቀቱን ለግድግዳው ነው የሚሰጠው። ይህን ስወስን ያሰብኩት ስለ ግድግዳው ብቻ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚተኛ አላሰብኩም።

በሩን ያገኘሁት ወደ ሳሪስ መሄጃ መንገድ ዳር የፈረሳ ዕቃ ከሚሸጡት ነው። ከየትኛው ቤት እንደተነቀለ እንጃ እንጂ እንደዚያ ያለ ወፍራም እንጨት ዛሬ አይሠራም። አናጢው ክፍተቱን በአዲስ ቆርቆሮ ዘጋ፣ በሩን ሰቀለ። ማዳበሪያውን እኔና እናቴ ሰፋን። ቱቦውም ቆመ። የቀረን ሊሾውና ምድጃው ነበር።

እናቴ ደስታዋን ለብቻዋ መያዝ አልቻለችም፤ ለእትዬ ነገረቻቸው። በማግስቱ እትዬ መጡ። ኩሽናችንን ዞር ዞር ብለው አዩና ምድጃው አጠገብ ቆሙ።

«ይሄ ከዚህ ይነሣል አሉኝ?»

«ወደዚያ ጥግ ይሄዳል፣ እትዬ።»

«እንዴ! የአባትሽ ማስታወሻ አይደለም እንዴ?»

«አባቴም ብርድ አይወድም ነበር።»

መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ማር በተቀባ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ፈቃድ አውጥተሻል፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ለኩሽና?»

«እንዲያው ነው። ዘንድሮ ሰዉ ክፉ ሆኗል። ይጠቁማል።»

በሰፈራችን ኩሽና ለመጠገን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም ቅዳሜ ቆርቆሮ ይመታል፣ እሑድ ያርፋል፣ ሰኞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ይባባላል። እኔም እንደ ሰፈሩ አደረግሁ።

ደንብ አስከባሪዎቹ የመጡት በሥራ ቀን፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። እናቴ ደውላ «ልጄ፣ ሰዎች መጥተዋል» ብቻ አለችኝ። ስደርስ አዲሱ ቆርቆሮ ተነቅሎ መሬት ላይ ተደራርቧል። ኮርኒሱ ተቦጭቆ እንደ አሮጌ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ቱቦው ተነቅሎ ወድቋል፤ በሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የጥጉ ምሰሶ የለም። ሰዎቹ አልተሳደቡም፣ አልጮኹም። አንደኛው እንዲያውም ላቡን እየጠረገ፣ «ፈቃድ ይዘሽ ብትሠሪ ማንም አይነካሽም፣ እህቴ። ጥቆማ ሲመጣልን ዝም ማለት አንችልም» አለኝ።

«ማን ጠቆመ?»

«እሱን አንናገርም።»

መናገርም አላስፈለጋቸው። ከእትዬ መስኮት እስከ ኩሽናችን ጥግ ምሰሶ ድረስ የልብስ ማስጫ ሽቦ ነበር። እትዬ ያለ ልብስ ሲተዉት አይቼ አላውቅም፤ ፎጣ፣ አንሶላ፣ የውስጥ ልብስ ሳይቀር ደጃችን ላይ ይውለበለባል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሽቦው ከምሰሶው ተፈትቶ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ መስኮታቸው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ምሰሶው ሲነቀል የእትዬ አንዲት ካልሲ እንኳን አልወደቀችም።

አመሻሽ ላይ እትዬ በፔርሙስ ሾርባ ይዘው መጡ። «አይዞሽ» አሏት እናቴን፤ «ለቆርቆሮ አይለቀስም።» እናቴ አመሰገነቻቸው። እኔ ሾርባውን ለሰፈሩ ውሻ ሰጠሁት። ውሻው ወደደው፤ ይህም አናደደኝ።

ለምን እንዳደረጉት ግን አላወቅሁም ነበር። ምቀኝነት ነው ብዬ እንዳልተወው ምክንያት የሌለው ነገር አይዋጥልኝም። ያወቅሁት እናቴ የፔርሙሱን መልስ ቂጣ አስይዛ ስትልከኝ ነው። እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል። በወዲያ በኩል እናቴ ድስት ጥዳለች። ቂጣውን አስቀምጬ እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ገና ከእሳት እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል።

«ምን ትነካኪያለሽ?» አሉኝ።

«ሞቃት ነው።»

«እግዜር ሲያድለኝ ነዋ! ባሌ ከሞተ ጀምሮ ጀርባዬን የያዘልኝ ይሄ ግድግዳ ነው።» ይህን ብለው ድንገት አፋቸውን ያዙ። እኔም አየኋቸው፣ እሳቸውም አዩኝ።

አዘንኩላቸው ብል ውሸት ነው። በዚያች ደቂቃ የታየኝ እናቴ በካፖርት ተጠቅልላ የማገደችው እንጨት፣ የእናቴ እሳት፣ የሰው ጀርባ ሲያሞቅ መኖሩ ነው። ቢነግሩን ኖሮ ችግር አልነበረም። «እናንተ ሰዎች፣ ምድጃው ከተነሣ ይበርደኛል» ማለት ምን ይከብዳል? እናቴ እኮ ምድጃውን ትታ ራሷ ግድግዳቸው ሥር ትነድላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰው ጠርተው ማፍረስን መረጡ።

እንግዲያው፣ አልኩ፣ በቀሌም በደንብና በሥርዓት ይሁን።

ፈቃዱን አወጣሁ። ተመላለስኩ፣ ተሰለፍኩ፣ ነገ ተባልኩ፣ ተመለስኩ፤ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት የጥገና ፈቃድ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ዕቅዱን ከለስኩት። የመጀመሪያው ዕቅድ እናቴን ለማሞቅ ነበር። ሁለተኛው እናቴን ለማሞቅና እትዬን ለማቀዝቀዝ ሆነ። ሙቀት የሚሻገረው መንገድ ሲያገኝ ነው፤ የታሰረ አየር፣ ጭድ፣ አመድ መንገድ ይዘጉበታል። ስለዚህ ከእትዬ ግድግዳ ወዲህ የራሴን ግድግዳ አቆማለሁ፤ በሁለቱ መካከል የእንቁላል ካርቶን እደረድራለሁ፤ ጭድ እጠቀጥቃለሁ፤ በጭቃ እለስነዋለሁ። እሳቱ ማዶ ጥግ ስለሚሆን ጭዱ አያሰጋም። ይህንኑ ትምህርት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በዚያ ሰሞን አስተማርኩ። እንደዚያ ሞቅ ብዬ ያስተማርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የእንቁላል ካርቶኑን ያጠራቀመልኝ መንገዳችን ጥግ ላይ ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ነው።

«መምህርት፣ ዶሮ ልታረቢ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ሰው ላቀዘቅዝ ነው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኔ ሲያልቅ ሁሉም አለቀ። በሩ ተመልሶ ተሰቀለ፣ ቱቦው ቆመ፣ ሊሾው ደረቀ፣ ምድጃው ማዶ ጥግ ገባ፣ ከምድጃው አጠገብ ለእናቴ የእንጨት መቀመጫ ከነመደገፊያው አሠራሁላት። ኩሽናው ጠባብ ስለሆነ ሙቁ ቦታ ያቺ አንዲት መቀመጫ ናት። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የዘነበ ዕለት እናቴ እሳቱን አንድዳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ አንዱን ካልሲ አወለቀች። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ተነሥታ የአባቴን ካፖርት አውልቃ በሩ ላይ ሰቀለችው። ጣቶቿን እየዘረጋችና እያጠፈች ዝናቡን ታዳምጥ ነበር። ወንድሜ መጥቶ ሲያየው ላብ አጠመቀው። «እናያለን» አለ፤ በሱ ቋንቋ ጥሩ ነው ማለት ነው።

እኔ ግን ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነበር።

ሐምሌ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ እትዬ በር ላይ ያዙኝ። ሁለት ጋቢ ደርበዋል።

«አንቺ አስተማሪዋ፣ ቤቴ ምን ነካው? ግድግዳው እኮ እንደ ሬሳ ቀዘቀዘ።»

በጨዋ ደንብ ቆሜ አስረዳኋቸው። «ሙቀት፣ እትዬ፣ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ መንገድ ካገኘ። አሁን መንገዱ ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«ፈቃድ አለኝ። ላምጣልዎት?»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ይህንንም አልደብቅም።

የረሳሁት ነገር ቢኖር በኛ ቤት በር ለሰው እንደማይዘጋ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ የኩሽናችንን በር ገፋ አድርገው ገቡ። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ «ኖር!»

መቼም ወጉ የታወቀ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ የገባው ሰው «በእግዜር! አትነሡ!» ብሎ ይከለክልና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። እትዬ «በእግዜር» አሉ። «አትነሡ»ን ዘለሉት። ቀጥ ብለው ሄደው እናቴ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፣ መደገፊያውን ተደገፉ፣ እግራቸውን ወደ ምድጃዬ ዘረጉ። «ኧረ እንዴት ይሞቃል!» አሉ። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ይሄ ነው እንጂ ቤት።»

በማግስቱም መጡ። ከዚያ በኋላ ሳይመጡ የዋሉበት ቀን የለም። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ገብተው ሲመሽ ይወጣሉ። እናቴ በበርጩማዋ በሩ ሥር ተቀመጠች። በሩ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ሰው ሲገባና ሲወጣ ይከፈታል፤ ዝናብና ንፋስ ጀርባዋን ያገኛታል። ካፖርቱን ከበሩ ላይ አንሥታ ለበሰችው። ካልሲዎቹም ተመለሱ።

«እማዬ፣ ቦታሽን አትልቀቂ!» አልኳት እትዬ ሲሄዱ።

«ትልቅ ሰው ቤቴ ገብቶ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?»

«መቼ ቆመው ያውቃሉ? ተቀምጠው አይደል የሚውሉት!»

«እንግዲህ ቤታቸው ቀዝቅዞባቸዋል።» ምስሯን በሰፌድ እያንገዋለለች ቀና ብላ አየችኝ። «ማን እንዳቀዘቀዘው እንጃ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂው ይሆናል።»

ወንድሜ ሳይነግረን አንድ እሑድ መጣ። በሩን ሲከፍት እናቴን በሩ ሥር በካፖርት አገኛት፤ እትዬን ምድጃው ጥግ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ። ከእኔ ጋር አልተከራከረም።

«ልብሷን አዘጋጂላት» አለኝ ውጭ ጠርቶ። «የሚመጣው እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

እናቴ ሰምታለች። ማታ ራት አልበላችም። ከእሑድ በፊት ያለውን ጊዜ ሁሉ ስለ ደረጃ ስታወራ ሰነበተች። ደረጃው መያዣ ብረት አለው ወይ? መብራት ሲጠፋ ይታያል ወይ? ደክሟት መሃል ላይ ብትቀመጥ ሰው ይስቅባታል ወይ?

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። እትዬን ከኩሽናዬ ለማስወጣት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ቤታቸውን ማሞቅ። ይህን ሳስብ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሠርቼ የጨረስኩትን በቀል በገዛ እጄ ማፍረስ ነው። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ማፍረስ ለምን? መስኮት ማውጣት እችላለሁ።

ብየዳ ቤት ሄጄ ከላሜራ የተሠራ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ፣ ማጠፊያና መወርወሪያ ያለው መዝጊያ አሠራሁ። ሆዱን በእናቴ ምድጃ አመድ ጠቀጠቅሁት፤ አመድ ሙቀት አያሳልፍም፣ እሳትም አይፈራም። ግድግዳዬን በእትዬ አልጋ ትክክል ቀደድኩ፣ በዙሪያው ያለውን ጭድና ካርቶን አውጥቼ በጭቃ ተካሁት፣ መዝጊያውን ገጠምኩ። የጭስ ቱቦውንም ከምድጃው ወጥቶ በዚያ በኩል እንዲያልፍ አዞርኩት። መዝጊያው ሲከፈት የቱቦው ሙቀት የእትዬን ጭቃ ያገኘዋል። ሲዘጋ አያገኘውም።

ከመክፈቴ በፊት ግን ቤታቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ግድግዳዎን ላሞቅልዎት እችላለሁ።»

«ተባረኪ! አውቄ ነበር እኮ፣ አንቺ እንደ አባትሽ…»

«አንድ ነገር ይንገሩኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሽቦውን ለምን ፈቱት?»

«የቱን ሽቦ?»

«የልብሱን።»

«ዝናብ መስሎኝ ይሆናላ።»

«ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ለዝናብ ደግሞ ልብስ ይነሣል እንጂ ሽቦ አይጠቀለልም።»

ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «አንቺ ልጅ፣ ምናለበት ብትተዪኝ? እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ከጀርባዬ ላይ ልትወስጂብኝ ነበራ!»

«ቢጠይቁን ኖሮስ?»

«ብጠይቅ እምቢ ብትሉኝስ?»

የመጣሁት መልስ ልሰጥ አልነበረም። የፈለግሁት ከራሳቸው አፍ መስማት ነበር፤ ሰማሁ። ቤቴ ገብቼ መዝጊያውን ከፈትኩት።

በማግስቱ እትዬ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ለሰላምታ ብቅ ብለው በር ላይ ቆመው ሄዱ፤ አልጋቸው ናፍቋቸዋል። ወንድሜ እሑድ መኪና አስነሥቶ ሲመጣ እናቴ ባዶ እግሯን መቀመጫዋ ላይ ነበረች። ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። አጠገቧ ተቀምጦ ምሳ በላ፣ ላቡን ጠረገ፣ እና ስለ ልብስ ማዘጋጀት ሳያነሣ ሄደ። እናቴ መኪናው ከሰፈር እስኪወጣ ጠብቃ፣ «እሱም ሲመጣ ቢሞቀው ጥሩ ነው» አለች።

በቀሌ አለቀ የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። አሁን መስከረም ነው፤ ጠዋቱ አሁንም ይበርዳል፤ መወርወሪያው ከእኔ ቁመት አንጻር በሚመች ቦታ ነው የተሠራው። ባለፈው ለኩሽናው የቧንቧ መስመር ላስገባ ሠራተኛ ሳመጣ፣ እትዬ በመስኮታቸው ብቅ ብለው በዚያችው በማር ድምፃቸው፣ «የቧንቧውስ ፈቃድ አለው፣ የኔ ልጅ?» ሲሉ ሰማሁ።

ገብቼ መዝጊያውን ዘጋሁና መወርወሪያውን ገፋሁት። ላሜራ ስለሆነ ድምፁ ከወዲያ በደንብ ይሰማል። ብዙ ሳይቆይ ግድግዳው ተንኳኳ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በጡጫ።

«አንቺ ልጅ! ስለ ቧንቧ ምን አልኩ እኔ? ኧረ ምንም አላልኩም!»

እናቴ ከመቀመጫዋ ሆና በዓይኗ ወደ መዝጊያው ጠቆመችኝ። «እሺ» አልኳት፤ «እከፍትላቸዋለሁ።» ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ ሳህኖቹን አጠብኩ፣ ድስቱን ፈተግሁ፣ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ አደረቅሁ። ሁሉንም በየቦታው መልሼ ከጨረስኩ በኋላ ከፈትኩላቸው።